ዋና አልችልም፤ ካያክ ላይ ልውጣ?

ባለፈው እትም ስለ ሥራ ስንጫወት አንድ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ አራት ሰመር የካያክ፣ በመቅዘፊያ የምትሄደው የጠባቧ ትንሽ ጀልባ፣ አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ ብዬ። የደብዳቤው ብዛት አስገረመኝ። ለካ ብዙዎቻችሁ ለመሄድ እያሰባችሁ ነው። ሄዳችሁ ተመልሳችሁ ያልተመለሰ ጥያቄ የያዛችሁም አላችሁ።

መሪ አልነበርኩም። ከሰልፉ መጨረሻ የምቀዝፈው እኔ ነበርኩ። በሥራው ቋንቋ «ስዊፕ» ይባላል። መሪው ከፊት ሆኖ መንገድ ያሳያል፣ ታሪክ ያወራል። ስዊፑ ከሁሉም ኋላ ሆኖ ማንም እንዳይቀር ይጠብቃል። ከኋላ ሲኬድ የሰው ፊት አይታይም፤ የሚታየው ጀርባ ነው። የደከመ ትከሻና የፈራ አንገት ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃሉ። ዛሬም የምመልስላችሁ ከዚያው ቦታ ሆኜ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ 10ኛ የጋብቻ ዓመታችንን ለማክበር በጁላይ ካዋይ እንሄዳለን። እሱ «ና ፓሊ» በሚባል የባሕር ዳርቻ የአንድ ቀን የካያክ ጉዞ መርጧል። እኔ ዋና ጭራሽ አልችልም። ድርጅቱ በላከልን ቅጽ ላይ «ዋና ትችላላችሁ?» የሚል ጥያቄ አለ። ባለቤቴ «አዎ በይ፤ ላይፍ ጃኬት አለ አይደል እንዴ» ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?
ውሃ የምትፈራው

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቅጹን እንጨርስ። «አልችልም» ብለሽ ጻፊ። ዛሬውኑ ጻፊ።

ያንን ወረቀት እኛ ጠዋት ጠዋት መኪናው ላይ ካያክ ስንጭን አንድ በአንድ እናነበው ነበር። ማን ከማን ጋር ይቀመጥ፣ ማን ከአስጎብኚው አጠገብ ይቅዘፍ፣ ስዊፑ ዓይኑን ማን ላይ ይጣል የሚለው የሚወሰነው በእሱ ነው። «አዎ» ብለሽ ከፈረምሽ ማንም አንቺን በተለየ ዓይን አያይሽም። የምናስፈልግሽ ሰዓት ላይ ሩቅ እንሆናለን።

ይህን የምለው በደረሰብኝ ነገር ነው። በሁለተኛው ሰመር አንድ ደረተ ሰፊ፣ ጠንካራ ሰው መጣ። ዋና እችላለሁ ብሎ ፈርሟል። የወጣነው ወንዝ ላይ ነው፤ ባሕር አልነበረም። ነፋስም አልነበረም። ካሜራውን ከኋላው ሊያወጣ በወገቡ ዞር ሲል ካያኩ ተገለበጠ። ላይፍ ጃኬቱ ወዲያው ወደ ላይ አወጣው። አፍንጫውም አፉም ከውሃ በላይ ነበሩ። እሱ ግን ያንን አላወቀም። በሁለት እጁ ውሃውን እየደበደበ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር ውሃ ይገባበታል። እኔ 40 ሜትር ያህል ርቄ ነበር። ደርሼ ጃኬቱን በትከሻው በኩል ስይዘው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። የጣቶቹ ምልክት ለሦስት ቀን አልጠፋም። ዳር ከወጣን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋና እኮ አልችልም» አለኝ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። እሷም አታውቅም።

ጠዋት ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሜትር አልርቀውም ነበር።

ባለቤትሽ ስለ ጃኬቱ የሚለው እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጃኬቱ ያንሳፍፍሻል። ድንጋጤውን ግን አንቺ ራስሽ ነሽ የምታስታግሺው። ለዚያ ደግሞ ዋና መቻል አያስፈልግም፤ ልምምድ ይበቃል። እስከ ጁላይ ጊዜ አለሽ። የመዋኛ ገንዳ ፈልጊና ቆመሽ ውሃው ደረትሽ ላይ የሚደርስበት ቦታ ግቢ። ላይፍ ጃኬት ልበሺ። ባለቤትሽ ጃኬቱን በትከሻሽ በኩል ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። ጆሮሽ ጋ ከደረሰ ልል ነው፤ የጎኑን ማሰሪያዎች አጥብቂ። ከዚያ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ወደ ኋላ ተደገፊ፣ ልክ ወንበር ላይ እንደሚደገፉት። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ድምፁ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እዚያው ሆነሽ አሥር ጊዜ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ሲለምድሽ በፊትሽ ተደፍተሽ ራስሽን ወደ ጀርባሽ ገልብጪ። በአንድ ቀን አይሆንም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሰውነትሽ ነገሩን ይይዘዋል።

ሌላው መማር ያለብሽ ወደ ካያኩ መመለስን ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ካያክ አብዛኛውን ጊዜ ከላዩ የሚቀመጡበት ዓይነት ነው። ቢገለበጥ ይጥልሻል እንጂ ውስጡ ይዞ አያስቀርሽም። ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች ስላሉት የገባው ውሃ በራሱ ይወርዳል። ከወደቅሽ ካያኩን ትለቂና እንዳትርቂ። ተገልብጦ ከሆነ ሆዱ ላይ ተዘርግተሽ ማዶውን ጠርዝ ያዢና ወደ ራስሽ ጎትቺው፤ ይዞራል። ከዚያ ሦስት ቃል ነው፦ ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር። እግርሽን ከኋላሽ ውሃው ላይ እያራገብሽ ሆድሽን ካያኩ ላይ ትጥያለሽ። ተንከባለዪና በመቀመጫሽ ቁጭ በዪ። መጨረሻ ላይ እግርሽን ታስገቢያለሽ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መጀመሪያ እግሩን ሊያወጣ ሲሞክር ነው። ያኔ ካያኩ እንደገና ይገለበጥበታል። አስጎብኚሽን ከመነሳታችሁ በፊት ዳር ላይ አንዴ አሳየኝ በዪው። ደስ እያለው ያሳይሻል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ና ፓሊ ለአንቺ ዘንድሮ አይሆንም። ይህን ስል ቦታውን እየናፈቅሁት ነው። በደሴቷ ሰሜን ምዕራብ በኩል ያለ ገደል ነው፤ አንዳንዱ ቦታ 1,200 ሜትር ገደማ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከላይ የሚወርደው ፏፏቴ አንዳንዴ ነፋስ እየበተነው ታች ሳይደርስ ይቀራል። ግን ከመነሻው ከሃዔና እስከ መድረሻው ፖሊሃሌ ያለው መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ክፍት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በካያክ የሚኬደው ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ከሰሜን የሚመጣው ማዕበል አያስቀርብም። በሰመርም ቢሆን ሞገዱ ከኋላ እየመጣ ካያኩን ብድግ ያደርገዋል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ይገፋሻል፤ ለለመደ ሰው ይህ ጸጋ ነው። ለአንቺ ግን የማታይው ነገር ከጀርባሽ እያነሳሽ እንዲውል አልፈልግም። ብዙ ሰው ደግሞ ያስመልሰዋል። ደከመኝ ብለሽ የምትወርጂበት ዳርቻም እንደ ልብ አይገኝም።

ዋይሉዋ ወንዝን ምረጡ። በደሴቷ ምሥራቅ በኩል ነው። ውሃው የሚወርደው ከዋይዓሌዓሌ ተራራ ነው፤ በዓለም ላይ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ታች ሲደርስ ግን ሰፊና ዝግ ያለ ወንዝ ይሆናል። ግራና ቀኙ ዳር ሁልጊዜ ይታይሻል። ይህ ነገር ለሚፈራ ሰው ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ከጀርባቸው አይቼዋለሁ። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀዝፋላችሁ። ካያኩን ዳር ታወጡና ጫካ ለጫካ፣ ጭቃ ለጭቃ በእግር ትሄዳላችሁ። መጨረሻው ላይ 30 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ስሙ ኡሉዌሂ ነው፤ አስጎብኚዎቹ «ሲክሬት ፎልስ» ይሉታል።

አንድ ነገር እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። በወንዙ ዳር ሃው የሚባል ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ እየተጠላለፈ እስከ ውሃው ይወርዳል። አበባው ጠዋት ሲፈካ ቢጫ ነው። ቀኑ ሲገፋ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ ሲመሽ ቀልቶ ይረግፋል። ጠዋት ስትወጡ ትናንት የረገፉት ቀዮቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ታገኛቸዋለሽ፤ የዛሬዎቹ ቢጫዎች ከራስሽ በላይ ናቸው። ስትመለሱ ከላይ ያሉትን ቀና ብለሽ እያቸው። ቀለማቸውን መቀየር ጀምረዋል።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። ና ፓሊን የመረጠው ትልቅ ነገር ሊያሳይሽ ፈልጎ ነው። እሱ ከቻለ በሌላ ቀን ብቻውን ከቡድን ጋር ይሂድ። አንቺም ያንን ገደል በትልቅ ጀልባ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። እንቅልፍ ማጣትሽን ግን ንገሪው። እንቅልፍ ያሳጣሽን ነገር እሱ እስካሁን አለማወቁ ነው ያሳሰበኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ባለፈው ዓመት እኔና እጮኛዬ ባለ ሁለት ሰው ካያክ ላይ ወጥተን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ካያኩ ዝም ብሎ ይዞራል። መቅዘፊያችን ሲጋጭ ዋለ። እሱ «አንቺ አትቀዝፊም»፣ እኔ «አንተ ነህ የምታዞረን»። ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ለየብቻ እንውጣ?
ክንዴን የደከመኝ

መልስ፦ ባለ ሁለት ሰው ካያክ በቀዛፊዎች ዘንድ ቅጽል ስም አለው፤ «የፍቺ ጀልባ» ይሉታል። ስለዚህ አይዞሽ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ችግሩ ፍቅራችሁ አይደለም፤ አቀማመጣችሁ ነው። ከፊት ያለው ሰው ከኋላው ያለውን አያይም። ከኋላ ያለው ግን ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ይከፈላል። የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፤ ሥራው ሳይቸኩል፣ ሳይቆራርጥ እኩል መቅዘፍ ነው። የኋለኛው ያንን ምት ይከተላል፣ አቅጣጫም ይይዛል። ፊተኛው ቀኙን ሲነክር ኋለኛውም ቀኙን፣ ግራውን ሲነክር ግራውን። መቅዘፊያ ከተጋጨ መታረም ያለበት የኋለኛው ነው፤ ምክንያቱም ማየት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ይቅርታ እህቴ፣ ባለፈው ዓመት ያ ሰው አንቺ ነበርሽ።

በዚያ ላይ ከበድ ያለው ሰው ከኋላ ቢሆን ካያኩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከበድ ያለው ከፊት ሲቀመጥ የካያኩ አፍንጫ፣ የፊት ጫፉ፣ ወደ ውሃው ይደፋል፤ ያኔ መዞር ይወዳል። ምናልባት የእናንተ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። ቦታ ተለዋወጡ። ለማዞርም ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ወደ ግራ ለመዞር ከፈለጋችሁ የኋለኛው በቀኙ በኩል መቅዘፊያውን ሰፋ አድርጎ፣ ከካያኩ ራቅ ብሎ እንደ ግማሽ ክብ ይሳበው። አንዴ ወይም ሁለቴ። የፊተኛው አቅጣጫ ለማስተካከል አይሞክር።

ከፊቴ ይቀዝፉ የነበሩ አንድ ጥንዶችን አልረሳም። አጀማመራቸው እንደ እናንተው ነበር። «ግራ! ቀኝ! ግራ አልኩ እኮ!» ከፊት የነበረችው ሚስት በመጨረሻ መናገሯን ትታ ማንጎራጎር ጀመረች። እሱም ሳያውቀው በዜማዋ መቅዘፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ ልደርስባቸው ያልቻልኩት።

ለየብቻ አትውጡ። ነፋስ ሲመጣ ባለ ሁለት ሰው ካያክ ላይ የበረታው የደከመውን ይዞት ይሄዳል። ለየብቻ ስትሆኑ ግን አንዳችሁ ሩቅ ሄዶ ሌላውን ይጠብቃል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

ጥያቄ፦ የ64 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ከልጆቿ ጋር ሆና ዋይሉዋ ወንዝ ላይ ልትወስደኝ አስባለች። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ቀኝ ትከሻዬም አልፎ አልፎ ያመኛል። ለሰው ሸክም መሆን አልወድም። መነሻው ላይ ቁጭ ብዬ ብጠብቃቸው አይሻልም?
አያት

መልስ፦ ጋሼ፣ መነሻው ላይ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ የልጅ ልጆችዎ ሲመለሱ የሚያወሩትን ይሰማሉ። አብረዋቸው ቢሄዱ ግን ለዓመታት አብራችሁ ታወሩታላችሁ። እኔ ቢሄዱ ነው የምመርጠው። መጀመሪያ ግን ሐኪምዎን ያማክሩ። «ሙቀት ባለበት አገር ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ እቆያለሁ፤ እቀዝፋለሁም» ብለው በግልጽ ይንገሩት። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል፤ ፀሐይ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውነት ውሃ አጥቶ ያዞራል። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ውሃ ሳይጠማዎት በየጊዜው ጎንጨት ይበሉ።

ትከሻዎን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ካያክ በክንድ አይቀዘፍም። ይቀዘፋል ብለው የሚያስቡ ጎረምሶች አንድ ሰዓት ሳይሞላቸው ሲደክሙ አይቻለሁ። የሚቀዘፈው በወገብ ነው። እግርዎን የእግር ማሳረፊያው ላይ ደገፍ ያድርጉ። መቅዘፊያውን ከትከሻዎ ስፋት ትንሽ ሰፋ አድርገው ይያዙት። በቀኝ ሊቀዝፉ ሲሉ ቀኝ ትከሻዎን ከነደረትዎ ወደ ፊት ያምጡ። መቅዘፊያውን እግርዎ ጋ ነክረው ደረትዎን መልሰው ያዙሩ። ክንድዎ ዝም ብሎ ይከተላል። ዳሌዎ ጋ ሲደርስ ያውጡት፤ ከዚያ በኋላ መሳብ ትርፍ ድካም ነው። እጅዎ ከትከሻዎ በላይ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ፤ ትከሻን የሚያሳምመው እሱ ነው። ጣትዎንም ላላ ያድርጉት። ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ማታ ላይ ብርጭቆ ማንሳት ያቅተዋል።

አንድ ማንም በደንብ የማይነግርዎት ነገር አለ። መመለሻው ከመሄጃው ይከብዳል። ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ስለምንመለስ ሰው ወንዙ ይወስደናል ብሎ ያስባል። ወንዙ ግን ዝግ ያለ ነው፤ ብዙም አይወስድም። ነፋሱ ደግሞ ከባሕሩ ወደ ወንዙ አፍ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ብርታቱ ይጨምራል። ጠዋት ከኋላ ሲገፋዎት የነበረው ነፋስ ሲመለሱ ፊትዎን ይመታዎታል። ከጀርባ ሆኜ ስንቱን አይቻለሁ፤ ሲሄድ የተሽቀዳደመው ሰው ሲመለስ ትከሻው ይወርዳል። ስለዚህ ሲሄዱ ጉልበትዎን ይቆጥቡ። ሲመለሱ ዳር ዳሩን፣ ዛፎቹ ነፋሱን በሚከልሉበት በኩል ይቅዘፉ። አስጎብኚው ራሱ በዚያ ይወስዳችኋል።

ሸክም ስለመሆን ያሉት ነገር ልቤን ነካኝ። በአስጎብኚ የሚመራ ጉዞ ፍጥነቱ የሚወሰነው በመጨረሻው ሰው ነው። ሥራዬ እሱ ነበር፤ የምከፈለውም ለዚያ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የመጎተቻ ገመድ ነበረኝ። ከካያካቸው አፍንጫ አስሬ ስንት ጡንቸኛ ወጣት ጎትቻለሁ። ማንም አላፈረም። እርስዎም ሲደክምዎት መቅዘፊያውን ጭንዎ ላይ አሳርፈው እጅዎን ያንሱ። ባለ ሁለት ሰው ካያክ ላይ ከልጅዎ ጋር ሆነው እርስዎ ከፊት ይቀመጡ።

የእግር መንገዱ ግን ከቀዘፋው ይልቅ ያሳስበኛል። ጭቃው ያንሸራትታል፤ የዛፍ ሥር ብዙ ነው፤ ጅረትም መሻገር አለ። ጉልበትዎ ወይም ሚዛንዎ ጥሩ ካልሆነ አስቀድመው ለድርጅቱ ይደውሉና ይጠይቁ። ተረከዝን የሚይዝ፣ የሚታሰር፣ ውሃ ቢገባበት የማይጎዳ ጫማ ያድርጉ። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ጭቃው ያስቀረዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ወንዙ ወደ ባሕር የሚገባበትን ቦታ የልጅ ልጆችዎን ይዘው ይዩት። እዚያ ሂኪናዓካላ የሚባል የጥንት የሃዋይ ሰዎች ቤተ አምልኮ የድንጋይ ግንብ አለ። የስሙ ትርጉም «የፀሐይ መውጣት» ነው። ከዚያ ራቅ ሳይል ሆሎሆሎኩ ላይ የነገሥታቱ ልጆች ይወለዱበት የነበረው ድንጋይም አለ። ዋይሉዋ የነገሥታት ወንዝ ነበር። ድንጋዩ ላይ ግን ልጆቹ እንዳይወጡ አደራ።

ጥያቄ፦ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶ እያለ አስጎብኚው የወንዙን ጉዞ ጠዋት ላይ ሰረዘብን። ገንዘቡን መልሰውልናል። ግን ምክንያቱ አልገባኝም። ሰበብ ይሆን?
ቀኔ የተበላሸብኝ

መልስ፦ ሰበብ አይመስለኝም። ወንዙ የሚሞላው እናንተ ቆማችሁበት በነበረው ቦታ ዝናብ አይደለም። ተራራው ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ እናንተ ታች ፀሐይ ልትሞቁ ትችላላችሁ። ዝናቡ ተጠራቅሞ ሲወርድ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ካዋይ ላይ ዝናብ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በሰሜኑ በኩል ዋይፓ የተባለ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,262 ሚሊ ሜትር ዘንቧል፤ በአሜሪካ ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

እኛ ጠዋት መጀመሪያ የምናየው የውሃውን ቀለም ነበር። ወደ ቡናማ ካደላ፣ ቅጠልና እንጨት እያንሳፈፈ ከመጣ እንተወዋለን። ጫካው ውስጥ ሆናችሁም ጅረቱ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ትናንሽ ድንጋዮች መሸፈን ከጀመሩ ፎቶውን ትታችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ሞልቶ ከሆነ አትሻገሩ፤ ባላችሁበት ዳር ሆናችሁ ጠብቁ። ረሃብ ይሻላል።

እግረ መንገዴን ልጨምር። በሃዋይ ጅረቶች ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይኖራል። ቁስል ካለባችሁ ፏፏቴው ሥር አትግቡ፤ ውሃውን አትጠጡ፤ ራሳችሁንም ከውሃው በታች አትንከሩ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ለሐኪም «ጅረት ውስጥ ገብቼ ነበር» በሉት። ከፏፏቴው በቀጥታ ሥርም አትቁሙ፤ ከውሃው ጋር ድንጋይ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ምሳ ልንበላ ስንወርድ አሸዋው ላይ የተኛች የባሕር እንስሳ አየን። ልጄ ፎቶ አብሯት ሊነሳ ሲጠጋ አስጎብኚዋ ጮኸችበት። ልጁ አለቀሰ። የከፈልነው ለማየት አይደለም እንዴ?
ቅር ያለው አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ በማልቀሱ አዝናለሁ። ቀስ ብላ ልትነግረው ትችል ነበር። ማስቆሟ ግን ልክ ነበር።

ያያችኋት «የሃዋይ መነኩሴ ሲል» (Hawaiian monk seal) የምትባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ ትመስለኛለች። «መነኩሴ» የተባለችው አንገቷ ላይ የሚታጠፈው ቆዳ የመነኩሴ ቆብ ስለሚመስል፣ ብቻዋን መሆንም ስለምትወድ ነው ይባላል። በዓለም ላይ የምትገኘው በሃዋይ ደሴቶች ብቻ ነው። የቀሩት 1,600 ገደማ ናቸው። ባሕር ዳር የምትወጣው ለማረፍ ነው፤ ምግቧን ፍለጋ ስትጠልቅ ቆይታ ደክሟት። ስትቀሰቀስ ወደ ውሃው ትመለሳለች። ያላረፈች ሆና ነው የምትመለሰው። እሷን ማወክ በሕግም ያስቀጣል።

ልንጠብቀው የሚገባው ርቀት ለእሷ 15 ሜትር ነው፤ ግልገል ካላት 45 ሜትር። ለባሕር ኤሊ 3 ሜትር። ለስፒነር ዶልፊኖች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 45 ሜትር ገደማ በሕግ ተደንግጓል፤ እነሱ ሌሊት ያድናሉ፣ ቀን በዳርቻው አካባቢ ይተኛሉ። ለዓሣ ነባሪ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ። ካያክ ድምፅ ስለሌለው እንስሳቱን አያውክም ብሎ ሰው ያስባል። ድምፅ ስለሌለው ነው የሚያስደነግጣቸው። የፀሐይ ቅባትም ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች የሌሉበትን ምረጡ። ኮራል የተባለውን የባሕር ውስጥ ፍጡር ስለሚጎዱ ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች። ከቅባት ደግሞ እጅጌ ያለው ልብስ ይሻላል።

ልጅህ ርቀቱን እንዲረዳው አንድ ዘዴ አለ። እኔ ከልጆች ጋር ስሆን የማደርገው ነበር። ባለ ሁለት ሰው ካያክ ርዝመቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። አራት ካያኮች በአሸዋው ላይ አፍንጫና ኋላቸውን አገጣጥመን እንደረድራቸዋለን። ከእሷ እስከ እኛ ያለው ርቀት ከዚያ ማነስ የለበትም። ልጆቹ ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ፤ አዋቂ ሲጠጋ «አራት ካያክ! አራት ካያክ!» እያሉ ይመልሱታል።

አንድ ቀን እንዲያ አድርገን ምሳችንን ከዚያ ርቀት ላይ በላን። አንዲት ትንሽ ልጅ ዓይኗን ሳትነቅል ታያት ነበር። እንስሳዋ አንዴ ብቻ አፍንጫዋን ከፍታ ረጅም አየር አወጣች። አሸዋው በነነ። ልጅቷ «ተነፈሰች» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንዳትቀሰቅሳት። ካያኮቹን ወደ ውሃው ስንመልስም እንደተኛች ነበር።